በኪሎ

ሰው ሲያረጅ መሬት ያምረዋል ይባላል። ጡረታ የወጡ ጓደኞቼን ስመለከት አባባሉ እውነትነት አለው፤ አንዱ ዶሮ ያረባል፣ አንዱ ጎመን ይተክላል፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይለይም። እኔን ያማረኝ ግን ብረት ነው። ብረት ስል የበርና የመስኮት ብረት ማለቴ አይደለም፤ ብረትን እንደ ሸንኮራ አገዳ የሚልጠውን፣ ከጣሊያን በወረስነው ስም «ቶርኖ» የምንለውን መኪና ማለቴ ነው።

አምሮቱ የቆየ ነው። በልጅነቴ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ገብቼ ሁለት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜአለሁ። ከሻካራው ብረት ላይ ጥቅልሉ እየተላጠ ሲወርድ፣ ከሥሩም እንደ መስተዋት የሚያበራ ዘንግ ብቅ ሲል ማየት ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተአምር ነበር። ትምህርቱን ግን አልጨረስኩትም። እናቴ ዘይት የጠጣ ቱታዬን ባጠበች ቁጥር «የእኔ ልጅ ቀጥቃጭ ሊሆን?» እያለች ታለቅስ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ እናቴ ዘንድ አልደረሰም። ስለዚህ ሒሳብ ተማርኩ፤ ክራባት አሰርኩ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ገንዘብ ስደምርና ስቀንስ ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት እቁብ ወጣልኝ፤ 100 ሺህ ብር። ገንዘቡ እጃችን ሲገባ ለባለቤቴ የታያት አምስት ዓመት ሙሉ የሚያፈሰው ጣሪያችን ነው። ለእኔ የታየኝ ግቢው ጥግ ያለው አሮጌ ማድቤት ነው፤ ቶርኖ ያስቆም እንደሆነ ቀደም ብዬ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ «ከ70 ሺህ እንዳታሳልፍ» ተብሎ ተፈቀደልኝ።

ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያረጁ አንድ የቶርኖ ባለሙያ አውቃለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። የድካማቸውን ልከፍላቸው ተስማምተን መርካቶ ምናለሽ ተራን አብረን ተመላለስንበት። ያየናቸው ቶርኖዎች ግማሾቹ እንደ ዝሆን የገዘፉና በሦስት መስመር 380 ቮልት ካልሆነ የማይነቃነቁ ናቸው፤ የእኔ ቤት ቆጣሪ ደግሞ ከ220 በላይ አያውቅም። የቀሩት በአዲስ ቀለም የተሸፈኑ በሽተኞች ናቸው። «ቀለሙን አትይ፤ ቀለም ለበር ነው» ይሉኛል ጋሼ።

በመጨረሻ ወሬውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። አብነት አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ ቶርኖ ቤት የነበራቸው ሰው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስትየዋ ክፍሉን ሊያከራዩት ስለሆነ ዕቃው ይውጣልኝ ይላሉ። ሄድን። በላስቲክና በአሮጌ ጋቢ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ኩሩ ነገር። የፋብሪካው ስም ያለበት ናስ ተፍቆ «ኢንግላንድ» የሚለው ብቻ ይነበባል። ሞተሩ የቤት መብራት የሚበቃው ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ የነኩት አልጋውን ነው፤ ይኸውም መቁረጫውን የተሸከመው ሠረገላ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ነው። ጥፍራቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎተቱበት። «ቶርኖ የሚያረጀው እዚህ ነው» አሉኝ፣ ብረቱ ታስሮ ወደሚዞርበት ወደ ራሱ የሚቀርበውን ሥፍራ መታ መታ እያደረጉ፤ «ሥራው የሚበዛው እዚህ ስለሆነ ሐዲዱ እዚህ ይበላል፤ ዳር ዳሩ እንደ አዲስ ይቀራል። ጥፍርህን እርከን ከያዘው ጥለኸው ሂድ።» ጥፍራቸውን የያዘው ነገር አልነበረም። ዘንጉን በእጃቸው አዙረው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ በወፍራም ዘንግ ከሥር ወደ ላይ ገፋ አድርገው የኩሽኔታውን መላወስ ፈተሹ፤ የሠረገላውን እጀታ ወደ ቀኝ፣ መልሰው ወደ ግራ እያሉ ሠረገላው ሳይንቀሳቀስ እጀታው ምን ያህል ባዶውን እንደሚዞር አዩ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «ሰውየው ዘይት የማይነፍጉ ሰው ነበሩ» አሉ። የጋሼ ምስጋና ከዚህ አያልፍም።

ዋጋ ጠየቅሁ።

«ቆራሌው በኪሎ 50 ብር ብሎኝ ነበር» አሉ ሴትየዋ፤ «አላመንኩትም። እናንተ ለሥራ ስለሆነ የምትፈልጉት 60 አድርጉትና ውሰዱት።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሚዛን ላይ ሳይወጣ አስቤ ጨረስኩት። በኋላ ሲመዘን ከነማቆሚያው 190 ኪሎ ሆነ፤ 11,400 ብር ማለት ነው። ኪሴ ውስጥ ግን 70 ሺህ ይዣለሁ፤ ጋሼም በመንገድ ላይ «እንደሰማሁት ከሆነ 70ው አይበዛበትም» ብለውኛል። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የሟቹን ቱታ አየሁና «እሺ እትዬ፣ ተስማምተናል» አልኩ።

ዕቃው ፒክአፕ ላይ ከተጫነ በኋላ ለጋሼ የድካማቸውን ቆጥሬ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። «እኔ ዛሬ ምንም አልሠራሁም። ብረት በኪሎ ለመግዛት ባለሙያ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ታክሲ ተሳፈሩ።

ቤቴ ግን ጀግና ሆኜ ገባሁ። የተረፈውን ገንዘብ ለባለቤቴ አስረከብኩ፤ ለጣሪያው አናጺ ተጠራ። እኔም ማድቤቴ ገብቼ ሁለት ሳምንት በነጭ ጋዝና በብሩሽ ዝገት ሳራግፍ፣ አልጋውን በውኃ ልክ ሳስተካክል ሰነበትኩ። ሳስነሣው እንደ ድመት አንጎራጎረ። ደስታዬ የተቋረጠው ጥርስ ላወጣ፣ ማለትም ብሎን ልሠራ ስሞክር ነው።

ቶርኖ ብሎን የሚያወጣው በፊቱ በተጋደመ ረጅም ብሎን እየተመራ ነው። በሁለቱ መካከል የሚገቡት ማርሾች ጥርሱ ምን ያህል ተራርቆ እንደሚወጣ ይወስናሉ። የእኔው እንግሊዛዊ ስለሆነ የሚያስበው በኢንች ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ ሁሉ በኢንች ተቆጥሮ አንድ ዓይነት ይሁን ብሎ ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ የአገሩ መኪና በዚያው አድጓል። እኔ የምፈልገው ብሎን ደግሞ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያስታርቅ አንድ አስተርጓሚ አለ፤ 127 ጥርስ ያለው ማርሽ። አንድ ኢንች እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገው ስምምነት ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንን በአምስት ቢያባዙት 127 ይመጣል። በዚህ ማርሽ በኩል ያለፈ ኢንች ምንም ሳይጎድልበት ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ከቶርኖው ጋር የመጡትን ማርሾች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 127 የለም።

ወደ አብነት ተመለስኩ። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። ስለ ማርሹ ሳስረዳቸው ሳቁና ጓዳ አስገቡኝ። የውኃ እንስራቸው ክዳን ላይ ተጭኗል።

«ይህንን ነው? ራሱ እኮ ነው የሠራው» አሉ። «እንግሊዝ አገር ይገኛል ቢሉት ከየት አምጥቶ ይግዛ። ረጅም ወረቀት እየቆረጠ፣ በማስመሪያ እየከፋፈለ፣ ክብ እንጨት ላይ ይጠቀልልና ልጆቹን ያስቆጥራቸዋል። 'አንድ መቶ ሃያ ስድስት' ካሉት ቀዶ እንደገና ይጀምራል። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነን ከረምን።»

127 ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ቁጥር ነው። እኩል ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት እየከፈሉ አይደርሱበትም፤ ለዚህ ነው ሰውየው ወረቀት የጠቀለሉት። ማርሹን ተቀብዬ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ጎኑ ላይ በነጥብ በነጥብ «1971» ተብሎ ተመትቷል። ጥርሶቹን በጣቴ ዳሰስኩ። እናቴ ቱታዬን እያጠበች የምታለቅስበት ዘመን ነው።

«ስንት ኪሎ ይሆናል?» አሉ እትዬ።

ሊቀልዱብኝ አይደለም። ሒሳቡን ለማቅለል ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን የሚደግፈኝ አጥቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ቀጥቃጭን ናቀች፤ ሳታውቅ ነው። እኔ እያወቅሁ የአንድን ባለሙያ ዕድሜ ሚዛን ላይ አውጥቼ፣ በኪሎ 60 ብር ከፍዬ፣ በሰላም ቡና የጠጣሁ ሰው ነኝ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ዕቃው 70 ሺህ ያወጣል። ያን ቀንም አውቅ ነበር።»

ፍሙን በመቆስቆሻ እየነካኩ ብዙ ቆዩ። አልተቆጡም። «እኔ ስጠነቀቅ የነበረው ከቆራሌው ነው» ብቻ አሉ።

የቀረው 58,600 ብር ነው። ከጣሪያው ገንዘብ ላይ መልሼ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ከዚያ ምሽት የከበደ ምሽት በትዳሬ አላስታውስም። ባለቤቴ ሁሉን ከሰማች በኋላ አናጺውን ደውላ መለሰችው። «ክረምቱን ባልዲ እንደቅናለን» አለች፤ እስከ ማግስቱም አላናገረችኝም። ገንዘቡን በሁለት ጊዜ አደረስኩ። ከገንዘቡ ጋር ለእንስራው ክዳን የሚሆን፣ አናቱ ላይ መያዣ ያለው ክብ ብረት ሠርቼ ወሰድኩ። ቶርኖው ከመጣ የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ ያ ነው።

ጋሼ ወሬውን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ሳይጠሩ መጡ። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ አራት ባልዲዎች ተደቅነው ጠብ ጠብ ይላሉ። በባልዲዎቹ መካከል እየተራመዱ ማድቤቱ ድረስ ዘለቁ። በማርሹ ያወጣሁትን ብሎን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙት፤ ከኪሳቸው አንድ ባለ ሚሊ ሜትር ዳዶ አወጡና በሁለት ጣት አስገቡት። ዳዶው ሳይንቀጫቀጭ እስከ ጫፉ ወረደ።

«ደህና ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «በል፣ አሁን የዚያን ቀኑን ድካሜን ክፈለኝ።»