በወጣህበት ማርሽ ውረድ

እህቴ ባለፈው ወር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ማሠልጠኛ ገባች። በሦስተኛው ቀን ማታ ተናዳ መጣች። መኪናው አምስት ጊዜ ጠፍቶባታል፤ ከኋላዋ የነበረ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "እናት፣ እንግፋልሽ?" ብሏታል። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግታ፣ "ቆይ ግን፣ በዚህ ዘመን ፍሪሲዮን መርገጥ መማር ለምንድነው? ሁሉም አውቶማቲክ እየሆነ፣ ኤሌክትሪክ እየሆነ!" አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። እኔም ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ማሽን ሊሠራው የሚችለውን ነገር ሰው ሲለፋበት ማየት አልወድም። "ልክ ነሽ" ልላት ነበር። ከዛ አባይ በረሃ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። በዚያ ቀን እሷም መኪናው ውስጥ ነበረች፤ ግን ከኋላ ወንበር ተኝታ ስለነበር ምንም አታውቅም። ነግሬያትም አላውቅም።

ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። በኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም፤ መንጃ ፈቃዴ ደግሞ ገና ስድስት ወሩ ነው። ደብረ ማርቆስ የዘመድ ሰርግ ነበረብን። እማዬ ወገቧን ስለሚያማት አውቶቡስ አይሆንላትም፤ ስለዚህ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ኮሮላውን አዋሰን። የ2004 ሥሪት፣ ባለ አምስት ማርሽ። ጋሼ ከ30 ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድቷል፤ የጎጃምን መንገድ እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። ቁልፉን ሲሰጠኝ ቶሎ አልለቀቀውም።

"በረሃውን በወጣህበት ማርሽ ውረድ።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ የምወርደው ነው። ያልወጣሁትን በምን አውቃለሁ?"

"ብትወጣው በስንት ትወጣው ነበር? በሱ ውረድ።"

ሳቅኩኝ። የድሮ ሹፌሮች ወግ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ ቁልቁለት ማለት በነጻ የተሰጠ ጉልበት ነው። በነጻ መንከባለል እየተቻለ ሞተር ማስጮህ ነዳጅ ማባከን ነው ብዬ ደመደምኩ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን መንገዱ ወደ ታች መታጠፍ ሲጀምር፣ ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሹን ዜሮ አደረግኩት።

ነድታችሁ ለማታውቁ፦ ማንዋል መኪና ላይ ሞተርና ጎማ በማርሽ ተያይዘዋል። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ለጊዜው ይለያያሉ፤ ስትለቁት መልሰው ይያያዛሉ። ዜሮ ማርሽ ማለት እንደተለያዩ መተው ነው። ጎማው በራሱ ይሄዳል፣ ሞተሩ በራሱ ያንኮራፋል፤ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው።

እና በጣም ያምር ነበር። ድምፅ የለም። በመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ያዩናል። እማዬ "እንዴት ዝም ያለች መኪና ናት! ሲያምርብህ ስትነዳ" አለችኝ። ኮራሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ወርዶና ወጥቶ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ግማሹን ቁልቁለት በነጻ ልወርደው ነው።

ጥምዝ ሲመጣ ፍሬን እይዛለሁ፤ ስለቀው መኪናው ይፈጥናል፤ ሌላ ጥምዝ፣ ሌላ ፍሬን። እንዲህ እያልን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን አንድ ሽታ መጣ። እንደ ተቃጠለ ጎማም፣ እንደ ተረሳ ምጣድም ነው።

"ምንድነው የሚሸተው?" አለች እማዬ።

"ከፊት ያለው የጭነት መኪና ነው።"

ከፊታችን ምንም መኪና አልነበረም።

በሚቀጥለው ጥምዝ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነብኝ። ለስለስ ብሎ ወደ ታች ሄደ፤ መኪናው ግን እንደ ቀድሞው አልያዘም። ደገምኩት፤ ይበልጥ ወረደ። ፍጥነት መለኪያው 70 አልፏል። በግራ ገደል ነው። የእማዬ እጅ የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረ ነበር፤ ምንም አላለችም።

ከዛ በኋላ ያደረግኩትን ያደረግኩት አስቤ አይመስለኝም። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መታ መታ ሳደርገው ትንሽ ግፊት ተመለሰ። ፍሪሲዮን ረግጬ አራተኛ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። ሦስተኛ፤ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። ሁለተኛ ሲገባ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥስ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭኜ ይዤ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሳብኩት። መሪውን ወደ ተራራው በኩል አስጠጋሁና ጠጠር ላይ ቆምን። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ነበር።

ወደ እማዬ ዞርኩና "ፎቶ ላንሳሽ ብዬ ነው የቆምኩት፤ እዚህ ጋር እይታው ደስ ይላል" አልኳት።

ወረደች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ፈገግ አለች። አነሳኋት።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ተሳቢ የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ መጣ፤ ሞተሩ ከሩቅ ይሰማል። ሹፌሩ ጭሱን አይቶ ዝግ አለና በመስኮት ጮኸልኝ፦ "ሞቀብህ? ውሃ እንዳትደፋበት! በራሱ ይብረድ። ከዛ ሁለተኛ ላይ ክተተውና እግርህን ከፍሬን አንሳ!" ወደ አንድ ሰዓት ያህል ቆየንና እንዳለኝ አደረግኩ። አሮጌው ድልድይና በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ጎን ለጎን እስኪታዩን ድረስ መኪናው እየጮኸ፣ እኔ እያላበኝ ወረድን።

ሰርጉ ላይ አልጨፈርኩም። ጥግ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ሒሳብ ስሠራ ነበር። መኪናው ከነተሳፋሪው 1,300 ኪሎ ነው እንበል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ 1,000 ብቻ ብንለው እንኳ የሚወጣው ጉልበት ወደ 12.7 ሚሊዮን ጁል ነው። በቤት ቋንቋ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሊያፈላ ምንም የማይቀረው ሙቀት ማለት ነው። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በማርሽ ስትወርዱ አብዛኛውን ሞተሩ አየር በግድ እየሳበና እየተፋተገ ይወስደዋል። በዜሮ ስትወርዱ ግን አብዛኛው ፍሬኖቹ ላይ ያርፋል፤ የፊቶቹ ደግሞ ሁለት ሳህን የሚያክሉ ብረቶች ናቸው።

የፍሬን ዘይትም ገደብ አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ እያረጀ ሲሄድም ይህ ቁጥር እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ይጨመቃል። እግሬ ሥር የነበረው ስፖንጅ እሱ ነው።

ያሳፈረኝ ግን የነዳጁ ነው። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዜሮ ማርሽ ግን እንዳይጠፋ ማቃጠል አለበት። ማለትም እናቴንና እህቴን ገደል አፋፍ ላይ አድርጌ ያተረፍኩት ነዳጅ ከዜሮ በታች ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናውን መለስኩ። ጋሼ ምንም ሳይጠይቅ ክሪክ አምጥቶ የፊት ጎማውን ፈታ። የፍሬኑ ሸራ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ዲስኩ ሰማያዊ ሆኗል።

"ዜሮ አድርገህ ነው የወረድከው?"

መዋሸት እችል ነበር። "አዎ ጋሼ" አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ወጣት ሹፌር ሳለ ለእያንዳንዱ ጉዞ ነዳጅ ተለክቶ ይሰጣቸው ነበር፤ የተረፈውን ሹፌሩ ሸጦ ይጠቀማል። እሱም ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ዜሮ እያደረገ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ፍሬን በጠሰ። ማርሽ ላስገባ ቢል በዚያ ፍጥነት እምቢ አለው። ረዳቱ የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ ታኮ ይዞ ዘለለና ጎማው ሥር ወረወረ። መኪናው ተንሸራቶ የተራራውን ግንብ ተደግፎ ቆመ፤ ግን መጀመሪያ በልጁ እግር ላይ አለፈ።

"አለ እስካሁን። ለፋሲካ በግ እልክለታለሁ፤ ይኸው ስንት ዓመቴ።" ከዛ ብሎኑን እያጠበቀ ጨመረ፦ "ያን ቀን ያተረፍኩት ስምንት ሊትር ነበር።"

የኔ ሒሳብ በሙሉ እዚያች ስምንት ሊትር ውስጥ ነበር።

እና ለእህቴ ያን ማታ የነገርኳት ይህን ነው። ማርሹን የምትመርጪው ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ ከፈጠንሽ በኋላ ላይገባልሽ ይችላል። ሞተሩ እየያዘልሽም ፍጥነቱ ከጨመረ ጠበቅ አድርገሽ ለአጭር ጊዜ ፍሬን ያዢና ልቀቂ፤ እግርሽን ፍሬን ላይ አስተኝተሽ አትውረጂ። ሞተር በፍጹም አታጥፊ፤ ፍሬኑ አጋዥ ያጣል፣ መሪውም ሊቆለፍ ይችላል። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥለሽ አታቁሚ፣ ሸራው ያልቃል፤ በእጅ ፍሬን ያዢው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ስትለቂ የሞተሩ ድምፅ ሲከብድና አፍንጫው ቀና ሲል የእጅ ፍሬኑን አውርጂ። ተዳፋት ላይ ስታቆሚ ማርሽ ውስጥ ተዪው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሽ።

"አውቶማቲክ ብገዛስ?"

"እሱም ለቁልቁለት ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ኤሌክትሪኩም ሲወርድ ባትሪውን እየሞላ ራሱን ይይዛል፤ ግን ከላይ ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ ከተነሳሽ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ፍሬን ላይ ትቀሪያለሽ። መኪናው ይለወጣል እንጂ ቁልቁለቱ ያው ነው።"

ከዛ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን የእማዬን ፎቶ አሳየኋት። እማዬ በጣም ስለምትወደው አሳጥባ በፍሬም ሰቅላዋለች። ነጠላዋ ነጭ ነው፤ ከኋላዋ ገደሉ ይታያል፤ ከጉልበቷ በታች፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ ጉም ያለ ነገር አለ። በጥር እዚያ በረሃ ጉም የለም። እህቴ ጠጋ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"እማዬ ታውቃለች?"

"እንጃ።"

እውነትም አላውቅም። ነጠላዋን ስትቋጥር አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አባይ በረሃን ሦስት ጊዜ አብረን ወርደናል፤ አንድም ጊዜ "መኪናው ለምን ይጮሃል?" ብላ አልጠየቀችኝም።

እሁድ ዕለት ከእህቴ ጋር እንጦጦ ወጣን፤ ጋሼ ኮሮላውን ሰጥቶን። ስንመለስ መሪውን እሷ ያዘች። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አቆመች፤ ሁለተኛ አስገባችና ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ጀመርን። ሞተሩ ሲያጓራ ደነገጠችና እግሯ ወደ ፍሪሲዮኑ ሄደ።

"እየጮኸ ነው እኮ!" አለችኝ።

"ይጩህ" አልኳት።