ያረጀ መኪናና የእጅ ሙያ

ሰው በሚገለገልበት ዕቃ ላይ ጌታ የሚሆነው ዋጋውን ስለ ከፈለ ብቻ አይደለም፤ አሠራሩን ያወቀ እንደ ሆነ ነው እንጂ። አሠራሩን የማያውቀው ዕቃ ግን ባለቤቱ እሱ ሆኖ ሳለ መልሶ ያዝዘዋል፤ ሲቆም ያቆመዋል፤ ሲሄድም በፍርሃት ያስኬደዋል። ይህን አሳብ ያሳደረብኝ በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ጥቂት ከፍ ብሎ በሚገኘው ቤቴ ደጃፍ የሚያድረው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው።

መኪናው የጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ይሠራው ከነበረው ባለ 60 ቁጥር ወገን ነው። ስድስት ሲሊንደርና 4 ሊትር ያህል መጠን ያለው የናፍታ ሞተር አለው፤ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ ያረፈ ነው። ኮምፒዩተር የሚሉት አእምሮ ስለሌለው ሕመሙን በጭስ፣ በድምፅና በጠብታ ይናገራል፤ ዐይኑን ከፍቶ ጆሮውን ለሚያዘነብል ሰው ቋንቋው አይከብድም። በሌላ ልተካው ብልም የሚቀል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገለ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ እንደ እኔ በደመወዝ የሚኖር ሰው ያለውን ጠብቆ ከማቆየት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ለዚህም ትምህርት የጉለሌ ዳገት ራሱ አስተማሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ እንደ ሰው ሳምባ አየር ይሻልና፣ የናፍታው ልክ ሳይቀንስ አየሩ ብቻ ሲያንስ በሚገባ ያልተቃጠለው ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ በቆላ ቀላል ጉድለት ቢሆን በእንጦጦ ዳገት ላይ ግን ብርቱ በሽታ ነው። ውሃም በዚያ ስፍራ ወደ 90 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው በክዳኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሱስታ ናት፤ ግፊቱን አፍና ይዛ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዲችል ታደርገዋለች። ሱስታዋ ደክማ ክዳኑ ግፊት መያዝ ቢተው፣ ሌላው ክፍል ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይፈላል፤ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላል። ክዳን መለወጥ የጥቂት ብር ጉዳይ ነው፤ ቴስታታ ማሳደስ ግን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ይመስለኛል። ክዳኑን የሚመረምር ሰው ግን ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይታገሥ፤ የፈላ ራዲያተር የከፈተ ፊቱን ያቃጥላልና።

ዳገቱ ስለ ሞተር ያስተምራል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ስለ ሕይወት። አንዳንድ አሽከርካሪ ናፍታ ለመቆጠብ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ በፎሌ ከእንጦጦ ሲንደረደር ይታያል። ይህ ሰው የቆጠበው ሳንቲም ነው፤ ያስያዘው ግን ነፍሱን ነው። በእንዲህ ያለው መኪና የእግርን ጉልበት የሚያግዘው የፍሬን ረዳት የሚሠራው፣ ከዲናሞው ጋር የተያያዘች ፖምፓ አየር እየመጠጠች ባዶነት ስትፈጥርለት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓዋም ትቆማለች፤ ተጠራቅሞ የቆየው ኃይል በጥቂት መርገጥ ያልቅና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በከባድ ማርሽ መውረድ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል፤ የፍሬኑም ሸራ አይግልም።

የፍሬን ዘይት ራሱ ሌላ ምሥጢር አለው። ይህ ፈሳሽ ከአየር እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የመፍያው ልክ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ እንፋሎት ከሆነ፣ እንፋሎት የሚጨመቅ ነገር ነውና ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መለወጥና በቧንቧው የገባውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይሻል፤ አንዱ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሁለተኛው ከጎማው ሥር ተንበርክኮ የአየር ማውጫዋን ቡሎን ይከፍታል፤ ይዘጋልም። ባለፈው ክረምት ረዳቴ የነበረው የጎረቤቴ ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ከዋናው ፖምፓ እጅግ ከራቀው የኋላ ጎማ ጀምረን «ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» እየተባባልን አራቱንም አዳረስን። ልጁ በመጨረሻ ከመኪናው ወርዶ፣ ፈሳሽ አለመጨመቁንና ግፊትን ወደየአቅጣጫው እኩል ማድረሱን በመጽሐፍ ተምሮ ለፈተና እንደ ጻፈው፣ ነገር ግን በእግሩ የተሰማው ገና ዛሬ መሆኑን ነገረኝ።

በማግሥቱ እናቱ መጡ። ባለቤታቸው በሽሮ ሜዳ የታወቁ ሸማኔ ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎን ደፍሬ አይደለም» አሉኝ፤ «አባቱ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ሲወረውር ዕድሜውን ጨረሰ። እኔም ፈትል ስፈትል ዐይኔ ደከመ። ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ከብዕርና ከወረቀት ጋር እንዲኖር ነበር፤ እርስዎ ተምረው ሳለ ለምን በቅባት ያጨማልቁታል?»

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስ አልነበረም። ሴትዮዋ የእጅ ሥራን የናቁ ሰው አይደሉም፤ የእጅ ሥራ የሚያስከትለውን ንቀት የቀመሱ ናቸው እንጂ። «እትዬ» አልኋቸው፤ «ልጅዎ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ይግባ አላልሁም። የተማረውን በእጁ ይዳስሰው ነው ያልሁት።» እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም። ነገሩን ያቀለለው የእኔ ንግግር ሳይሆን ማታ ላይ የመጡት ባለቤታቸው ናቸው። ልጁ አየር የገባበት ፔዳል እንዴት እንደሚላላ ሲያስረዳቸው አዳምጠው፣ «ሽመናም እንዲሁ ነው፤ የላላ ክር ከዐይን በፊት እጅ ያገኘዋል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ልጁ የቤት ሥራውን ከጨረሰ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አሮጌ ልብስ ለብሶ እንዲመጣ ተፈቀደለት።

ንቀቱ የቆየ ነው፤ እሱን የሚቃወመው ቃልም የቆየ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩበት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው ድንገተኛ ይሁን እንጂ ትርጉም አለው፤ መኪናን የወደደ ሕዝብ የብረት ሠሪውን እጅ ንቆ ሊዘልቅ አይችልምና።

የጋራዡ ቋንቋም ይህንኑ ይመሰክራል። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፎሌ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረራ ይዞ ቆይቶ ተባረረ፤ ቃላቱ ግን በመካኒኮቻችን አፍ ቀርተው ዛሬ አማርኛ ሆነዋል። ይህን ያደረጉት በየጋራዡ ጥግ፣ ዕቃ አቀባይ ሆነው ከመቆም ጀምረው ሙያውን በዐይናቸው የቀሰሙ ወጣቶች ናቸው። ስማቸው በመጽሐፍ ባይጻፍም የአገሪቱ መኪና ሁሉ በእጃቸው አልፏል።

ራስን መርዳት ማለት ባለሙያን መናቅ እንዳልሆነም ማስተዋል ይገባል። ፊልትሮ ማራገፍ፣ ዘይት መለወጥ፣ ቺንጋ መመርመርና አየር ማስወጣት የባለቤቱ ድርሻ ሊሆን ይችላል። የናፍታውን ፖምፓ መለካት፣ ቴስታታ ማስተካከልና የመሪን መገጣጠሚያ ማደስ ግን መሣሪያና የብዙ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ነው። የሥራውን ክብደት በጥቂቱ የቀመሰ ሰው የመካኒኩን ዋጋ ሲከፍል አያጉረመርምም፤ ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫ ሲገዛም አዲሱን ካረጀው፣ ደኅናውን ከተሰነጠቀው ለይቶ ያያል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤት ያለህ ሹም፣ በሰሌዳ ፊት የምትቆም መምህር፣ ወይም ነገ ቦታቸውን የምትረከብ ተማሪ ብትሆን፣ የምትገለገልበትን ነገር አንድ ጊዜ ከፍተህ እይ። መኪና ባይኖርህ የቤትህ የውሃ ቧንቧ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ይኖርሃል። ቅባቱ በሳሙና ይለቃል፤ ከእሱ ጋር ወደ እጅህ የገባው ዕውቀት ግን አይለቅም። ትምህርት ቤቱም ልጁን ከአባቱ ሙያ የሚያሸሸው ሳይሆን፣ የአባቱ እጅ የሚያውቀውን በስሙ እንዲጠራው የሚያስችለው ቢሆን፣ እናቶቻችን በቅባት የጨቀየ እጅ ሲያዩ የሚደነግጡበት ዘመን ያልፋል።