«ታገሺ» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር ለጆሮ የሚጣፍጥ አይደለም፤ ግን በየሰፈራችን ያለ ነው።

አሰቦት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌውና አማራው፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በአንድ ገበያ ይገናኛል። በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ በቤቷ የምትደበደብ ሴት ነገር ግን አይነሣም። «ገመና ነው» ይባላል።

በሴቶች አገልግሎት ውስጥ ያየሁት ነገር አለ። እንዲህ ያለች እኅት «ባሌ ይመታኛል» ብላ አትመጣም። «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሐሳብ በዛብኝ፣ ጸልዩልኝ» ነው የምትለው። እጅ ተጭኖ ይጸለይላታል፤ አንዳንዴም መንፈስ ይገሠጻል። ከዚያ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 66 በመቶው ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልጠየቁም። ስለዚህ ከሦስቱ አንዷ አፏን ስትከፍት የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ዘንድ ሁለት መልስ ይቀናናል። አንዱ «ታገሺ፣ ጸልዪ» ነው። ሌላው «ጥለሽው ውጪ» ነው። የመጀመሪያው ሊያስገድላት ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቿን፣ እንጀራዋን፣ ዘመዶቿንና የምትናገርበትን ቋንቋ ሳይጠይቅ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ሰምታ ተመልሳ አትመጣም።

በዘፍጥረት 16 አጋርን ተመልከቱ። አብራምና ሦራ በስሟ ሲጠሯት አናነብም፤ «ባሪያ» ናት። የእግዚአብሔር መልአክ ግን በምድረ በዳ በስሟ ጠራት፤ ከወዴት እንደመጣች፣ ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። ከምክር በፊት ጥያቄ ቀደመ። «ግን እኮ ተመለሺ ተብላለች» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ያን ያላት ግን የሚያያት አምላክ ነው እንጂ የሰፈር ሽማግሌ አይደለም። በምዕራፍ 21 ከዚያ ቤት ስትወጣም ያው አምላክ በበረሃ ውኃ አሳይቷታል። እንግዲህ ይህን ክፍል የምትደበደብን ሴት ለመመለሻ አንጥቀስ።

በዚምባብዌ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁትን ያዳምጣሉ። ሕመሙን የሚጠሩት በሕዝቡ ቃል «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ነው፤ ትርጉሙ ሐሳብ መብዛት ማለት ነው። የእኛዎቹ እኅቶች ከሚሉት ጋር አንድ ነው! በአገራችን ገጠርም የእርግዝና ክትትል የሚሰጡ ባለሙያዎች ለተጨነቁና ጥቃት ለሚደርስባቸው ነፍሰ ጡሮች አጭር ምክር እንዲሰጡ አሠልጥኖ የመሞከር ሥራ ተሠርቷል። ባለሙያ በሌለበት እንኳ የሚሰማ ጆሮ ሊሠለጥን ይችላል ማለት ነው።

ለእኛስ? መጀመሪያ፣ ብቻዋን፣ ልቧ በሚናገርበት ቋንቋ አድምጧት፤ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ። ሁለተኛ፣ የነገረቻችሁን «የጸሎት ርዕስ» አታድርጉት። ማክሰኞ በጸሎት የተጠራ ስም ረቡዕ ባል ጆሮ ይደርሳል፤ ዱላውን የምትቀበለው እርሷ ናት። ሦስተኛ፣ ለሽምግልና ከባሏ ጋር አንድ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ዛሬ ማታ የት እንደምታድር ጠይቁ። አራተኛ፣ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ጤና ጣቢያ አለ፣ ሕግ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በወንጀልነት ያስቀምጣል።

«ባህላችን ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት ሲንቄ የምትባል በትር አላት። ስትበደል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩም ሳይክስ አይመለሱም። ባህል ሁሉ «ዝም በይ» አይልም።

ወንድሞች ሆይ፣ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7ን አንብቡ። ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ ይከለከላል። የጾምነው፣ ያደርነው አዳር ሁሉ ለምን እንደማይሰማ ስንጠይቅ ምናልባት መልሱ ቤታችን ይሆናል።

የምታነብቢ እኅቴ፣ አንቺ ያለሽበት ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የምታምኛትን አንዲት ሰው ፈልጊና ንገሪ። አጋርን ያየ አምላክ አንቺንም ያይሻል።

ጌታ ሆይ፣ ለቤተ ክርስቲያንህ የሚሰማ ጆሮና የሚጠብቅ አፍ ስጣት። አሜን።