ሰው ወደ ቸርች ማድረስ ሊያስከስስ ሲል፦ ከበርሚንግሃም፣ አላባማ

ከአትላንታ ተነሥቶ በአይ-20 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የነዳ ሰው ከሁለት ሰዓት ትንሽ አልፎ በርሚንግሃም ይገባል። የአላባማን ድንበር ሲሻገሩ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ባለቤቴ «ጌታ ለዛሬ 25 ሰዓት ሰጠን» ብሎ ቀለደ። ግራና ቀኙ ጥድ ነው፤ ጥዱ ፋታ በሰጠበት ሁሉ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ብቅ ይላል። አሜሪካኖች ይህን አካባቢ «የመጽሐፍ ቅዱስ መቀነት» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በአገሪቱ እጅግ ጥብቅ ከተባሉት የስደተኞች ሕጎች አንዱ የወጣው በዚሁ ምድር ነው። አሪዞና በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መንገድ ከፈተች፤ አላባማ በ2011 አልፋት ሄደች። ኤች ቢ 56 የተባለውን ሕግ የፈረሙት ገዥው ሮበርት ቤንትሊ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበሩ። ፖሊስ ያስቆመውን ሰው ከተጠራጠረ ወረቀቱን እንዲያጣራ፣ ትምህርት ቤት አዲስ የሚመዘገብ ልጅን የመኖሪያ ሁኔታ እንዲጠይቅ ያዝዛል። እኛን አማኞችን በቀጥታ የሚነካው ክፍል ግን ፈቃድ የሌለውን ሰው እያወቁ ማስጠጋትን፣ ቤት ማከራየትንና በመኪና ማጓጓዝን ወንጀል ያደረገው ነው።

በውጭ አገር ባሉ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያኖች እሑድ ጠዋት የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። አንድ ወንድም ቫኑን አስነሥቶ መኪና የሌላቸውን፣ ገና የመጡትን፣ እናቶችን እየዞረ ይለቅማል። «ራይድ» እንለዋለን። ያ ወንድም በር ላይ ቆሞ «እህቴ፣ ወረቀትሽ እንዴት ነው?» አይልም። ጉዳይዋን በጸሎት ርእስ ሰምቶ ቢያውቅስ? በዚህ ሕግ መሠረት ማወቁ ራሱ ሊያስከስሰው ይችል ነበር።

የአላባማ የሜቶዲስት፣ የኤጲስቆጶሳዊትና የካቶሊክ ጳጳሳት ይህን አይተው በኦገስት 2011 ግዛቲቱን ከሰሱ። የፌዴራሉ መንግሥትም ለብቻው ከሰሰ።

የዚህን ክስ ክብደት የተረዳሁት ኬሊ ኢንግራም መናፈሻ ላይ ቆሜ ነው። ከመናፈሻው ማዶ ያለው የ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963 እሑድ ጠዋት በቦምብ ተመታ፤ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚህች ከተማ እስር ቤት ሆኖ የታወቀውን ደብዳቤውን ጻፈ። የጻፈው ለጠላቶቹ አልነበረም፤ ሰልፉን ተዉት፣ ታገሡ ላሉት ስምንት የሃይማኖት መሪዎች ነበር። ከነዚያ መካከል የሜቶዲስት፣ የኤጲስቆጶሳዊትና የካቶሊክ ጳጳሳት ነበሩበት። ከ48 ዓመት በኋላ እነዚያው ሦስቱ ቤተ እምነቶች ፍርድ ቤት ቆሙ። እንግዲህ ንስሐ ማለት ይህ አይደለምን?

እኔ የሕግ ጠላት አይደለሁም። ሮሜ 13ን በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ አምናበታለሁም። አገር ድንበሩን ሊጠብቅ ይገባዋል፤ በአጥቢያችንም ባሏን ለማምጣት ዓመታት በወረፋ የጠበቀች እህት አለች፤ የእርሷ ትዕግሥት ሊናቅ አይገባም። ሕጉን የደገፉትም ሁሉ ክፉ አልነበሩም። በዚያን ጊዜ በግዛቲቱ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበርና ሥራው ለልጆቻችን ይመለስ አሉ። የሆነው ግን ሠራተኞቹ ሸሽተው በሰሜን አላባማ የቲማቲም እርሻዎች ፍሬው ማሳ ላይ መበስበሱ ነው። ያም ሆኖ ዋናው ነገር ቲማቲም አይደለም። መንግሥት ድንበሩን ራሱ ይጠብቅ፤ ጎረቤትን የጎረቤት ጠባቂ፣ ሾፌርን መርማሪ፣ አስተማሪን ጸሐፊ ፖሊስ ሲያደርግ ግን ከድርሻው አልፏል ባይ ነኝ። ዘሌዋውያን 19 መጻተኛውን እንደ ራሳችን እንድንወድ ሲያዝዝ ወረቀት አላስቀደመም።

ዳኛዋ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2011 ስለ ማጓጓዝ የሚናገረውን ክፍል አገዱ፤ የትምህርት ቤቱን ጥያቄ ግን ለቀቁት። በሳምንቱ መጀመሪያ ከ2,000 በላይ የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች ከክፍል ቀሩ። ልጅ ያለው ሰው ይህን ቁጥር እንደ ቁጥር አያነበውም፤ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ያደረች ልጅ ጠዋት «ዛሬ አትሄጂም» ስትባል ይታየዋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህንንም በኦክቶበር አገደው። በ2013 ግዛቲቱ በስምምነት የሕጉን ዋና ዋና ክፍሎች ተወች፤ አሠሪዎች የሠራተኛን ፈቃድ በኮምፒውተር እንዲያጣሩ የሚያስገድደው ግን ጸንቶ ቀረ።

ጉዳዩ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በጃንዋሪ 2025 የፌዴራሉ መንግሥት የስደተኛ ፖሊሶች ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገቡ ይገድብ የነበረውን መመሪያ አንሥቷል። ስለዚህ በአሜሪካ ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ ቫን የሚነዱትን ወንድሞች ሰብስባችሁ የስደተኞች ጠበቃ አንድ ቅዳሜ ጋብዙላቸው። በየግዛቱ ሕጉ ይለያያልና፣ ሚስቶቻቸውም አብረው ይስሙ።