የቡና አገር ልጅ ባሕር ሲጠልቅ… የትኛውን ካሜራ ይያዝ?

ሰቶ ሰመሮ ተወልዶ ያደገ ሰው «የባሕር ውስጥ ካሜራ ልገዛ ነው» ሲል መጀመሪያ የሚሰማው መልስ ሳቅ ነው። አልፈርድም! ጅማ ባሕር የለም። ያለን አዌቱ ነው፤ እሱም ክረምት ሲሞላ እንኳን ዓሣ ሊያሳይ የገዛ እግራችሁንም አያሳያችሁም። ቦዬ ረግረግም አለ፤ እዚያ ግን የውኃው ባለቤት ጉማሬ ነውና ካሜራ ይዞ የሚገባ ጀግና እስካሁን አልሰማሁም። አገራችንም ብትሆን ኤርትራ ከተለየች ከ1985 ዓ.ም ወዲህ የባሕር በር የላትም። ታዲያ ይሄን ልጅ ምን ነካው ትሉ ይሆናል።

የነካኝ ቡናው ነው። የአጋሮና የሊሙ ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተበጥሮ በጆንያ ከተሞላ በኋላ ጉዞው ወደ ጅቡቲ ወደብ ነው። እኔም የትራንዚተር ረዳት ሆኜ ቡናውን ተከትዬ ሄድኩ። ጅቡቲ የሠራ የኢትዮጵያ ልጅ ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ አርብ ሲሆን ሥራ የለም። ገሚሱ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ገሚሱ ይተኛል። እኔ ዋና ተማርኩ፤ ከዋና ወደ ስኩባ ተሻገርኩ። ዛሬ እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ለመውረድ የሚያስችለው የጀማሪ ወረቀት ኪሴ ውስጥ አለ።

ካሜራው ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። በእኛ ቤት «የእኔ ብር» የሚባል ነገር የለም። ለካሜራ ያጠራቀምኩት ገንዘብ የታናሽ እህቴ የትምህርት ገንዘብም ነው። እማዬ በስልክ ስነግራት ስለ ዋጋው ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ገንዘቡን ተወው ልጄ። ባሕሩ አንተን ይመልስልኛል ወይ?» ብቻ አለችኝ።

ያቺ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። ሱቅ የገባሁት እሷን ይዤ ነው። «የትኛው ካሜራ ጥሩ ፎቶ ያነሳል?» ከማለቴ በፊት «የትኛው ካሜራ በሰላም ይመልሰኛል?» ማለት ጀመርኩ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

* ከካሜራው በፊት ራሳችሁን እዩ *

መምህሬ ጅቡቲያዊ ነው፤ ቃል አያባክንም። «ሁለት እጅህን ደረትህ ላይ አጣጥፈህ፣ ሳትወጣ ሳትወርድ አንድ ቦታ ላይ መቆየት ስትችል ስለ ካሜራ እናወራለን» አለኝ። ነገሩ ትዕቢት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሲያስረዳኝ ገባኝ።

ካሜራ የያዘ ጀማሪ ሦስት ነገር ይረሳል። አንደኛ አየሩን። 20 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውኃው ወለል በሦስት እጥፍ ስለሚበልጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየርም በሦስት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ዓሣ ስታሳድዱ ደግሞ ታለከልካላችሁ። ሁለተኛ ጓደኛውን። ማንም ለብቻው አይጠልቅም፤ ዓይኑን ስክሪን ላይ የተከለ ሰው ግን ጓደኛው የት እንደደረሰ አያውቅም። ሦስተኛውና ክፉው ትንፋሹን ነው። የብስ ላይ ፎቶ እንዳይወዛወዝ ትንፋሽ መያዝ ልማድ ነው። በስኩባ ግን የመጀመሪያው ሕግ «ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ» ይላል። ለምን ቢሉ፣ 10 ሜትር ላይ የተሳበ አየር ወለል ላይ ሲደርስ ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ለአንድ ፎቶ ብሎ ሳንባ? የማይሆን ነገር!

* ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ *

ሻጭ ሁሉ «ውኃ አይገባውም» ይላል። እናንተ ግን «እስከ ስንት ሜትር?» በሉት። ጀማሪ 18 ሜትር ድረስ መውረድ ከቻለ ካሜራውም ከዚያ የሚያልፍ መሆን አለበት።

በእጃችን ካለው ስልክ እንጀምር። አይፒ68 የሚል ምልክት ያለው ስልክ የተፈተነው በንጹሕና በማይንቀሳቀስ ውኃ ውስጥ፣ ያውም ለደቂቃዎች ነው። የጨው ባሕር ሌላ ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ስልኩን አንገት ላይ በሚንጠለጠል የላስቲክ ከረጢት ከትቶ ወረደ። ሲወጣ ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ስልክ ሳይሆን የስልክ ሾርባ ነበር! ከዚህም ሌላ የስልክ ስክሪን ውኃ ውስጥ ጣት አይሰማም። ለጠለቃ ተብሎ የተሠራ፣ ቁልፍ ያለው ጠንካራ የስልክ ሣጥን አለ፤ ሆኖም ሣጥኑ ካፈሰሰ የሚጠፋው ካሜራ ብቻ አይደለም፤ የእናታችሁ ስልክ ቁጥር ጭምር ነው።

ቀጥሎ ጎፕሮ የሚባለው ትንሽዬ ካሜራ አለ። የቅርብ ዓመታት ሞዴሎቹ ባዶአቸውን እስከ 10 ሜትር ብቻ ይችላሉ። ልብ በሉ፣ ይሄ ከ18 ሜትር በታች ነው! ሃውዚንግ የሚሉት መከላከያ ሣጥን ሲጨመርበት ግን እስከ 60 ሜትር ይወርዳል። ሰፊ ስለሚያይ ለቪዲዮ ጎበዝ ነው፤ ለጥቃቅን ፍጥረት ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ኦሊምፐስ ታፍ የሚባለው የኪስ ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ቲጂ-6 ባዶውን 15 ሜትር፣ በራሱ ሃውዚንግ 45 ሜትር ይችላል። ቅርብ ማንሳት ያውቅበታል፤ ከሌንሱ አንድ ሳንቲ ሜትር የራቀችን ነገር ሳይቀር አጥርቶ ያነሳል። አራተኛው ሲላይፍ ማይክሮ 3.0 ሙሉ በሙሉ የታሸገ ነው፤ የሚከፈት በር ስለሌለው የሚያፈስበት ቀዳዳ የለውም፤ 60 ሜትር ይችላል። ጉድለቱም እዚያው ነው፦ ባትሪው ሲያረጅ ከፍታችሁ አትቀይሩትም።

ሌንሳቸው የሚቀያየር ትልልቆቹ ካሜራዎችስ? ፎቷቸው ግሩም ነው። ግን ሃውዚንጉ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ራሱ ይወደዳል፤ በዚያ ላይ ክብደት አለ። ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት።

እንዲያውም ዕድለኞች ነን። ሉዊ ቡታን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1893 የባሕር ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ መሣሪያው የሰው ጉልበት የሚፈትን ሸክም ነበር። ከ1963 እስከ 2001 የተመረተው ዝነኛው ኒኮኖስ ደግሞ ቀላል ቢሆንም የሚሠራው በፊልም ነው፤ 36 ፎቶ ካነሳችሁ አለቀ፤ ውኃ ውስጥ ከፍታችሁ ፊልም አትቀይሩም! የዛሬ ጀማሪ መቶ ጊዜ ተሳስቶ መቶውን መደምሰስ ይችላል።

* ቀይ ቡና ጥቁር ሲመስል *

ጀማሪ ሁሉ የሚደነግጥበት ነገር ይሄ ነው። ውኃ የብርሃንን ቀለም ይበላል፤ አስቀድሞ የሚበላው ደግሞ ቀዩን ነው። ከ5 ሜትር ጀምሮ ቀይ መደብዘዝ ይጀምራል፤ ከዚያ ብርቱካንማው፣ ከዚያ ቢጫው ይከተላል። ቀይ የደረሰ የቡና ፍሬ ይዛችሁ 15 ሜትር ብትወርዱ የሚታያችሁ ጠቆር ያለ ነገር ነው። ስለዚህ «ካሜራዬ ተበላሽቷል፣ ሁሉንም ሰማያዊ አደረገው» ብላችሁ ከሻጭ ጋር አትጣሉ።

መፍትሔው ሦስት ነው። መጠጋት ይቀድማል፤ በእናንተና በዓሣው መካከል ያለው ውኃ ባነሰ ቁጥር ቀለሙ ይመለሳል። ከአንድ ሜትር በላይ የራቀውን ተዉት። ቀጥሎ የካሜራውን የውኃ ውስጥ ቀለም ማስተካከያ መጠቀም ነው። ሦስተኛው የራስን ብርሃን ይዞ መውረድ ነው።

ብርሃን ላይ ግን ጥንቃቄ! ካሜራው ላይ የተጣበቀችው ፍላሽ ውኃው ውስጥ ያለውን ብናኝ ሁሉ ስለምታበራው ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። ማለዳ በጭጋግ ወደ አጋሮ የነዳ ሾፌር ይህን ያውቃል፤ ረጅም መብራት ካበራ ጭጋጉ ራሱ ነጭ ግድግዳ ይሆንበታል። ባለሙያዎች ፍላሻቸውን በክንድ አርቀው ወደ ጎን የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

* የፀጉር ያህል ክፍተት *

ሃውዚንጉን ከባሕር የሚለየው መካኒኮች ኦሪንግ የሚሏት ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ናት። አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተኛችባት ካሜራው ሄደ በሉ። ከመዝጋታችሁ በፊት በጥሩ ብርሃን እዩዋት፤ በንጹሕ ጣት ዳብሷት፤ የራሷን ቅባት በስሱ ቀቧት፤ ለጠበሳ እንደሚቀባ ዘይት አይሁን! አዲስ ሃውዚንግ ስትገዙ መጀመሪያ ካሜራውን ሳትከቱ ባዶውን ይዛችሁ ውረዱ፤ ደርቆ ከወጣ ይታመናል። ከጠለቃ በኋላ ሳትከፍቱት በጨው አልባ ውኃ ዘፍዝፉት፤ ጨው ከደረቀበት ቁልፎቹን ይይዛቸዋል።

* ወደ ጅማ ስትመለሱ *

ካሜራው ባሕር ውስጥ ተርፎ ጅማ ላይ ሊሞት ይችላል። የእኛ አገር ዝናብና እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ቡና ነጋዴ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ያከማቸው ቡና ምን እንደሚሆንበት ያውቃል፤ ካሜራም እንደዚያው ነው። ከቆዳ ቦርሳና ከቁም ሳጥን አውጡት። ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምናገኛቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት።

ከካሜራው በላይ ግን እናንተ አላችሁ። ጅቡቲ ያለው በባሕር ወለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር፣ ጅማም 1,700 ሜትር ያልፋሉ። ጠላቂ ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ያጠራቅማል። ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣ እንደተከፈተ ለስላሳ ጠርሙስ ደሙ ውስጥ አረፋ ሊሠራበት ይችላል። የዘርፉ ባለሙያዎች ከአንድ ተራ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ይመክራሉ። ለእኛ አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ ሽቅብ የሚወጣ መኪናም ያው ነው። እኔ ሙሉ 24 ሰዓት እጠብቃለሁ። ካሜራ ደግሞ የመንገድ ቀን ጠዋት «አንዴ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ» እያለ የሚያባብል ሰይጣን ነው። አትስሙት!

* እኔ ምን መረጥኩ? *

ሁለት አርብ ጎፕሮ ከነሃውዚንጉ ተከራየሁ። ጎበዝ ዕቃ ነው። ነገር ግን እኔ የምጠልቀው ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አጠገብ፣ ኮራል መካከል፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር ነው። የማረከኝም ትልቁ ዓሣ ሳይሆን ከጣቴ የምታንሰው ፍጥረት ሆነች። ስለዚህ ያገለገለ ቲጂ-6 ከነሃውዚንጉ ገዛሁ። ፍላሽ አልገዛሁም፤ ትንሽ የውኃ ውስጥ የእጅ ባትሪ በቃችኝ። የተረፈው ብር ወደ ጅማ ሄደ፤ እህቴም ተመዘገበች።

የእናንተ ሐሳብ ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየውን የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማንሳት ከሆነ ግን የእኔን አትቅዱ። እሱ ወለል ላይ ነው የሚመገበው፤ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ እየዋኛችሁ፣ ሳትነኩትና ፍላሽ ሳታበሩበት ታዩታላችሁ። ለዚያ ባዶ ጎፕሮ ይበቃል፤ ሃውዚንግም አያስፈልግም።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ምን ማንሳት እንደምትፈልጉና ስንት ሜትር እንደምትወርዱ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ተከራይታችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ግዙ። ውኃ ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ የአየር ጌጃችሁን እዩ፣ ጓደኛችሁንም ፈልጉ። ዓሣው ነገም እዚያው ነው።

መልካም ጠለቃ!