ደረት ሳይከፈት ልብን ስለ ማየት

የሰውን ልብ ከፈጣሪ በቀር የሚያየው የለም ሲባል እየሰማን ያደግን ነን። ነገሩ ስለ አሳብ ከሆነ ዛሬም እውነት ነው። ነገር ግን በደረታችን ውስጥ ሌትና ቀን ስለሚመታው፥ ጭብጥ ስለሚያህለው ሥጋ ከሆነ፥ ሰው ሳይቆርጥና ሳያደማ ሊያየው ከቻለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ ይህን በመጽሐፍ አንብቤ እያወቅሁ፥ አንድ ልጅ በዐይኔ ፊት ሲደክም ሰነፍ ብዬ የሰደብሁ መምህር ነኝ።

ልጁ የሹም አቦ ሰፈር ልጅ ነበር፤ እናቱ ጠላ እየጠመቀች ታሳድገዋለች። በክፍል ውስጥ ዝምተኛ፥ በሒሳብ ግን የተመሰገነ ነው። አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ዓባይን ተሻግረን ወደ ቤዛዊት ወጣን፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ላይ ሆነው ጣናንና ዓባይን እንዲያዩ ብዬ ነበር። ሌሎቹ እየዘፈኑ ሲወጡ እርሱ በየሃያ እርምጃው ይቆማል፤ ቁጢጥ ይላል፤ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። እኔም በጓደኞቹ ፊት «አንተ ሰነፍ! እናትህ የምትደክምልህ ለዚህ ነው?» አልሁት። አልመለሰልኝም፤ ለካ ትንፋሽ አልነበረውም። እኔ ግን ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጠርሁበት። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከኃጢአት ሁሉ ይልቅ ስንፍናን እንድንጠላ ተምረናል። ትምህርቱ መልካም ነበረ፤ ሰነፍን ከበሽተኛ መለየት ግን ወይ አላስተማሩኝም፥ ወይ እኔ አልተማርሁትም።

ሁለት ወር ያህል ቈይቶ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ። እናቱ ወደ ቤቴ መጥታ «ጋሼ፥ ሌሊት ጋደም ሲል ያፍነዋል፤ ተቀምጦ ነው የሚያነጋው። ሐኪም ቤት ልብ ነው አሉኝ፤ ደረቱን ከፍተው ሊያዩት ነው መሰለኝ። እባክዎ አብረውኝ ይሂዱ» አለችኝ። ሄድሁ።

ሐኪሙ አስቀድሞ በጆሮው አዳመጠው። ይህ በየጤና ጣቢያው የምናየው ማዳመጫ ታሪክ አለው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1816 ዓ.ም. ላኤኔክ የተባለ የፓሪስ ሐኪም አንዲት ወጣት ሴት ታማ ስትመጣበት ጆሮውን በደረቷ ላይ ማሳረፍ አፈረና፥ ወረቀት ጠቅልሎ ቢያዳምጥ የልቧ ምት ከጠበቀው ይልቅ ጎልቶ ተሰማው። አፈርሁ ብሎ ሥራውን ቢተው ኖሮ መሣሪያው በእርሱ እጅ ባልተገኘም ነበር።

ቀጥሎ በልጁ እጅና እግር፥ በደረቱም ላይ ገመድ ሲለጥፉበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኤሌክትሪክ የሚለቁበት መስሎታል። ነርሷ ግን «የኔ ልጅ፥ እኛ ምንም አንሰድብህም፤ ያንተ ልብ ራሱ የሚያወጣትን ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የምንጽፈው» አለችው። እውነትዋን ነው። ልብ በተመታ ቊጥር የምትነሣውን ያችን ኀይል በሚገባ የጻፈው አይንትሆቨን የተባለ የሆላንድ ሰው ሲሆን፥ የመጀመሪያው መሣሪያው ወደ 270 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ በሽተኛውም እጆቹንና አንድ እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ መሣሪያው በአንድ እጅ የሚያዝ ሆኗል።

ሦስተኛው ምርመራ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ነካው። ክፍሉን አጨለሙና ቀዝቃዛ ቅባት በደረቱ ላይ ቀብተው፥ ሳሙና የምታህል ዕቃ ያንሸራትቱበት ጀመር። ስሙ ኤኮ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የገደል ማሚቶ ማለት ነው። ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይላካል፤ ድምፁ ከልብ ግድግዳ ጋራ ተጋጭቶ ሲመለስ በመስተዋቱ ላይ ሥዕል ይሆናል። በ1953 ኤድለር የተባለ የስዊድን ሐኪምና ኸርትዝ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ይህን ሲጀምሩ፥ መሣሪያውን የተዋሱት ከመርከብ መሥሪያ ቤት ነበር፤ እዚያ የብረት ስንጥቅ ይፈለግበት ነበርና።

በመስተዋቱ ላይ ሐኪሙ በስተግራ ባሉት በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለችውን በር አሳየን። ጤነኛ በር ወለል ብላ ተከፍታ ግጥም ብላ ትዘጋለች። የዚህ ልጅ ግን ወፍራና ተጣብቃ እንደ ጠባብ ቀዳዳ ሆናለች፤ ደሙም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ሳንባውን ያጨናንቀዋል። ሐኪሙ «ጉሮሮውን አሞት ያውቃል? ጉልበቱስ አብጦ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። እናትየዋ አስታወሰች፤ በስምንት ዓመቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ አሞት እንጥሉን አስቈርጣዋለች፤ ከዚያም ጉልበቱ፥ ቀጥሎም ክርኑ ቢያብጥ የዕድገት ነው ተብላ ተመልሳለች። ስትናገር ታለቅስ ነበር። በጥፋቷ እንዳይመስላችሁ፤ እንጥል ማስቈረጥ የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነው። ሕመሙ የመጣው በጉሮሮ ከገባ ጀርም ነው፤ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና ልቡን ይመታል። የጉልበቱ እብጠት ይጠፋል፤ የልብ ጠባሳ ይቀራል። እንጥል ቢቈረጥ ጀርሙን አያስወጣውም፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ያጠፋዋል።

በኡጋንዳ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ልጆች በኤኮ ታይተው፥ ሳያውቁት በሽታው የጀመራቸው 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ተጠንተዋል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጉት ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ሲብስባቸው፥ ካልተወጉት ግን ከመቶ ስምንት ያህሉ ብሶባቸዋል። ውጤቱ በ2022 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በሩ አንድ ጊዜ ከተበላሸ በኋላ ግን መንገዱ ረዥም ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል እስኪከፈት ድረስ፥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያሻቸው ልጆች ወደ ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። ዛሬም ወረፋ የሚጠብቁት እጅግ ብዙ ናቸው።

ስንመለስ በሐይቁ ዳር አረፍ አልንና ይቅርታ ጠየቅሁት። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ መምህር ተማሪውን ይቅርታ መጠየቅ ቀላል አይደለም፤ ቃሉ በጉሮሮዬ ተቀርቅሮ ነበር። እርሱ ግን ውሃውን እያየ «ጋሼ፥ እኔም ሰነፍ የሆንሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ምርመራዎቹ ምንም አላሳመሙትም፤ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ግን ያማል። እናቱ እንዳትረሳው በየወሩ በ5 በአቦ ቀን ልታደርገው አሰበች። እኔም ቀን መቊጠሪያ ይዤ ሄጄ አስቈጠርኋት፤ አራት ሳምንት 28 ቀን ነው፥ የእኛ ወር ግን 30 ነው፤ ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 5 ደግሞ ጳጉሜን ተጨምራ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል፤ የመርፌው ኀይል ያን ያህል አይቈይም። «ቤተ ክርስቲያኑን በ5 ሳሚ፤ ወደ ሐኪም ቤት ግን እኔ ባሠመርሁት ቀን ሂዱ» አልኋት። የዓመቱን ቀኖች ሁሉ በቀይ ቀለም አሠመርሁላት፤ ከጋኖቹ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በየስድስት ወሩ ኤኮ የሚታይባቸውን ሁለቱን ቀኖች ልጁ ራሱ በሰማያዊ አከበባቸው።