ነጩ አልመጣልኝም

እኛ ቤት በረዶ አንድ ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው፣ ፈረንጆች የገና ካርድ ላይ የሚያሳዩን ለስላሳው ነገርም በረዶ ነው። አመዳይ የሚል ቃል አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ዱርቤቴ ውስጥ ግን ሲጠራው የሰማሁት ሰው የለም። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ እናቴ አየችና አማተበች። “ምን በድለው ነው አገሩ ሁሉ እንዲህ የሆነባቸው?” አለች።

እኔ ግን ወደድኩት። ባሕር ዳር ፖሊ ኢንጂነሪንግ ስማር ከትምህርት የተረፈኝን ሰዓት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በማየት ነበር የምጨርሰው፤ በተለይ አንሰል አዳምስ ዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ ያነሳቸውን የክረምት ፎቶዎች። ነጩ ነጭ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም። ጠጋ ስትሉ የነፋሱ መንገድ አለ፣ የዛፉ ጥላ አለ። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነጭ በገዛ እጄ ማጠብ አማረኝ። በአማርኛ ፎቶ ይነሳል፣ ይታጠባል። የጨለማ ክፍልን ሥራ ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ቃል አላጋጠመኝም።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ (ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ነኝ) አንድ አሮጌ ዘኒት ኢ ገዛሁ። ሶቪየት ሠራሽ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ባትሪ የማይጠይቅ። ብርሃን መለኪያው ሴሊኒየም ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መርፌዋን ያንቀሳቅሳል። ፊልሙና ወረቀቱ ከውጭ በሚመጣ ጓደኛ ሻንጣ ነው የሚገቡት። ስለዚህ እቆጥባለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለእንቁጣጣሽ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር። ከበዓሉ በሳምንቱ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ሰማዩ ጠቆረ። ሩብ ሰዓት እንኳን የቆየ አይመስለኝም፤ ግን ቆርቆሮው ሥር መነጋገር አልቻልንም። ሲያባራ በሩን ከፈትን። ግቢው ነጭ ነው። አባቴ ምንም ሳይል ወደ ማሳው ሄደ። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ስለነበር የቤቱ ስልክ ሁሉ ሞቷል፤ እኔ ዘኒቱን አንገቴ ላይ አድርጌ ተከተልኩት።

የበቆሎው ቅጠል ተተልትሎ አገዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ዳጉሳው ጭራሽ ተኝቷል። በየትልሙ በረዶ ተከምሯል፣ ከላዩ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይነሳል፣ ፀሐይ ደግሞ ከደመናው ሥር ዝቅ ብላ ወጣች። ውብ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ውብ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ዳጉሳ በእጁ ቀና ያደርጋል፤ እኔ ከኋላው ተንበርክኬ ፎከስ አስተካክላለሁ።

ካሜራ በረዶን አያውቅም። ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶውን የሚመልስ ግራጫ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ቁጥሩ ሃርድኮድ ተደርጓል። በረዶ ስታሳዩት “ይህ በጣም የበራ ግራጫ ነው” ብሎ ብርሃኑን ያስቀንሳችኋል፤ በረዶውም አመድ ይሆናል። መፍትሔው መርፌዋ ካለችው በላይ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ስቶፕ መጨመር ነው። ነገሩ ለአገራችን ፎቶ አንሺዎችም እንግዳ አይደለም። ድሮ ባሕር ዳር ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ፣ ማጉያ መሣሪያቸውን ያዋሱኝ፣ “ጥምቀት ላይ ነጠላውን ለክተህ ካነሳህ ነጠላው አመድ፣ ፊቱ ከሰል ይሆንብሃል” ብለውኛል። ስለዚህ ሁለት አነሳሁ። አንዱን መርፌዋ እንዳለችው፣ ሌላውን ሁለት ስቶፕ ከፍቼ።

ባሕር ዳር ስመለስ የተከራየሁትን ቤት መታጠቢያ ክፍል መስኮት በጥቁር ፕላስቲክ ደፈንኩ፣ ቀይ አምፖል ሰቀልኩ። መጀመሪያ ያጠብኩት መርፌዋን ያመንኩበትን ኔጌቲቭ ነው፣ ለሙከራ ብዬ። ድብርት የተጫነው ግራጫ ወረቀት ወጣ። ወደ ጎን አስቀመጥኩትና ወደ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ገባሁ። ሁለት ወር እዚያው ቀረሁ።

በረዶ ስታጥቡ የሚያስቸግረው ጥቁሩ አይደለም፤ ነጩ ነው። ወረቀቱ ራሱ ነጭ ነዋ። ማጉያው ሥር ሁለት ሰከንድ ካሳጠራችሁ በረዶው ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ሁለት ሰከንድ ካስረዘማችሁ አመድ። የምትፈልጓት ቦታ በሁለቱ መካከል ያለች፣ እያንዳንዱ የበረዶ ጠጠር ከጎረቤቱ የሚለይባት ቀጭን መስመር ናት። ኮንትራስት ስጨምር ጠጠሩ ጎልቶ ብርሃን ያረፈበት ጎኑ ይጠፋል፤ ስቀንስ ሁሉም ገንፎ ይሆናል። ሰማዩ እንዲጠቁር ማሳውን በካርቶን ከልዬ ለሰማዩ ብቻ ብርሃን እጨምራለሁ፤ የአባቴን ጀርባ ለማፍካት ደግሞ ሽቦ ጫፍ ላይ በለጠፍኳት ትንሽ ክብ ወረቀት እከልላለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወረቀት ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። ማታ ሳህኑ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ሲያበራ የነበረ በረዶ ጠዋት ገመድ ላይ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ። ይህን እስክማር ስድስት ወረቀት ሄደ። የነበረኝ 25 ነው።

በመሃል አባቴ ደወለ። “ያ ያነሳኸው ፎቶ ታጠበ?”

“ገና ነው አባ። ነጩ አልመጣልኝም።”

ዝም አለ። ከሳምንት በኋላም ደውሎ ይህንኑ ጠየቀኝ፣ ይህንኑ መለስኩ። ሥራዬን የወደደልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ ነጩ መጣልኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ በመራዊ አድርጌ ዱርቤቴ ገባሁ። አባቴ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ብዙ ቆየበት።

“ይኸ የማን አገር ነው?”

“የእኛ ማሳ ነው እንጂ አባ!”

“ጥጥ የፈሰሰበት ይመስላል።”

ፖስታው ውስጥ ፎቶው እንዳይታጠፍ ከኋላ መደገፊያ ያደረግኳት ያቺ የመጀመሪያዋ ግራጫ ነበረች። እሷን መዝዞ አወጣት። “ይኸ ነው” አለ። “ይኸውና ዳጉሳው። ይኸውና ያ የተሰበረው በቆሎ።” እውነቱን ነው። በግራጫዋ ላይ በረዶው ስለማያበራ ዓይን የሚሄደው ወደ ሰብሉ ነው። በእኔዋ ላይ ዳጉሳ መኖሩንም አታስታውሱም።

ከዚያ ነገረኝ። ጉዳት የሚመዘግቡ ሰዎች የመጡት ከበረዶው አምስት ቀን በኋላ ነው። በረዶው ቀልጧል፣ የተኛውን ዳጉሳ ከብት ግጦታል። ግማሹ ማሳ ብቻ ተጻፈለት። ማስረጃ ካለህ አምጣ ሲሉት “ልጄ ፎቶ አንስቷል” ብሎ ቀን አስቀጠረ። ከዚያ ሌላ ቀን። ጥቅምት ሲያልቅ ዝርዝሩ ተዘጋ። በማዳበሪያ ዕዳ የተያዘው ሙሉ ማሳው ነበር።

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“ነጩ አልመጣም አልከኝ። ሳይመጣ የማይሆን መስሎኝ።”

ግራጫዋ ከበረዶው በሳምንቱ ደርቃ እጄ ላይ ነበረች። ለነገሩ ኔጌቲቩን በስልክ አንስቼ፣ ጥቁሩን ወደ ነጭ ገልብጬ መላክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው። እሱም አልመጣልኝም።

የዚያን ዓመት ዕዳ ከደመወዜ ከፈልኩ። አባቴ መረቀኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ግራጫዋ አሁን ግድግዳው ላይ ከአያቴ ጉርድ ፎቶ ጎን ተሰቅላለች። ሌላዋ እኔ ጋ ሳጥን ውስጥ አለች። አንዳንዴ አውጥቼ አያታለሁ። ከእሷ የተሻለ አጥቤ አላውቅም፣ ይህን መካድ አልችልም።

ባለፈው መስከረም ቤት ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ዝቅ ሲል አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማዩን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

“ያ ካሜራህ ፊልም አለው?”

“አለው” አልኩት። “ስልኬም ቻርጅ አለው።”